ኮንዶሙን ሁሉም ነግሮናል፤ ቅባቱን ግን ማን ነገረን?

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት የፀረ ኤድስ ክበብ ልጆች አዳራሽ ሰበሰቡን። ከእንጨት የተሠራ ብልት ጠረጴዛ ላይ አቆሙ። አንዷ ልጅ ምንም ሳታፍር ኮንዶሙን ከፈተች፣ ጫፉን ቆንጥጣ ያዘች፣ አለበሰችው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እጄን አውጥቼ ልጠይቀው የማልችለው ጥያቄ ነበረኝ።

ትምህርቱ በሙሉ ስለ ወንድና ሴት ነበር። ፖስተሩም፣ የሬዲዮ ድራማውም እንደዚያው። በዚህ የተነሣ ከወንድ ጋር የሚተኛ ወንድ ማንም ያላስተማረውን ነገር ራሱ ደመደመ፦ «ኤችአይቪ ከሴት ነው የሚይዘው፤ እኛን አይመለከትም።» ይህን በጆሮዬ የሰማሁት አንዴ ሁለቴ አይደለም። ያውም ከተማሩ ሰዎች።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የፊንጢጣ ውስጠኛ ሽፋን ስስ ነው። በቀላሉ ይጫጫራል፣ ራሱንም አያረጥብም። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ግምት እንዲህ ይላል፦ ያለ ኮንዶምና ያለ መድኃኒት ቫይረሱ ካለበት ሰው ጋር ከሚደረግ 10,000 የፊንጢጣ ግንኙነት ውስጥ የሚቀበለው ሰው 138 ጊዜ ያህል ሊያዝ ይችላል። የሚያስገባው ደግሞ 11 ጊዜ ያህል። በሴት ብልት ግንኙነት የሴቷ ቁጥር 8 ነው። አነጻጽረው።

ስለ ሕጉ ልከራከር አልመጣሁም። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የታወቀ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል በሚባሉ ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ ሲያስታውቅ ከፒያሳ እስከ ቦሌ ያለን ሁላችን እንዴት እንደከረምን እናውቃለን። እዚህ ላይ የማነሣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ፍርሃት ጥድፊያን ይወልዳል። ጥድፊያ ደግሞ ኮንዶም ይቀድዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ክፍሉ ከመግባትህ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ግዢው

ኮንዶም መግዛትም መያዝም ወንጀል አይደለም። ሕይወት ትረስትም ሆነ ሴንሴሽን በየሰፈሩ ሱቅና መድኃኒት ቤት አለ። ጤና ጣቢያ ስትሄድም ብዙ ጊዜ በነጻ ታገኛለህ። ባለሱቁ ማን ጋር እንደምትሄድ አይጠይቅህም። «አንድ ትረስት» ብለህ ብሩን ታቀብላለህ፣ አለቀ።

ስትገዛ ግን ሁለት ነገር ተመልከት። አንደኛው ፀሐይ ነው። ብዙ ሱቅ ላይ ኮንዶሙ መስኮቱ ጋ፣ ከማስቲካውና ከሲም ካርዱ ጎን ተሰቅሎ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ላቴክስ፣ ኮንዶሙ የተሠራበት ላስቲክ ማለት ነው፣ ሙቀትና ብርሃን አይወድም። ከውስጥ፣ ካልተከፈተው ካርቶን እንዲያወጣልህ ጠይቀው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው፤ የቀን አቆጣጠሩ። ማሸጊያው ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። በ2018 ዓ.ም. የምትኖር ሰው «2024» የሚል ብታይ ገና 6 ዓመት የቀረው ይመስልሃል። ያ ኮንዶም ግን ጊዜው አልፎበታል። አንድ ጓደኛዬ ሙሉ ካርቶን በዚህ መንገድ ይዞ ሲዞር ነበር፣ ያውም እየተኩራራ። የመጠቀሚያ ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ አንብብና ከፈረንጁ ዓመት ጋር አስተያይ።

አያያዙም የራሱ ጣጣ አለው። የኋላ ኪስ ውስጥ፣ ቦርሳ ውስጥ ከመታወቂያ ጋር ተጣብቆ ወር የከረመ ኮንዶም አትመነው። ታክሲ ላይ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ተብሎ አራተኛው ሰው ሲደረብ በቀን ስንቴ እንደምትቀመጥበት አስብ። የጃኬት ደረት ኪስ ይሻላል። የመነጽር ማስቀመጫ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጠንካራ ነው፣ ማንም አይከፍተውም፣ ከትንሽ ጄል ጋር ሦስት ኮንዶም ይይዛል። መኪና ያለህ ሰው ዳሽቦርድ ውስጥ አታስቀምጥ።

ቅባቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። የማንም ክበብ ያልነገረን ይሄ ነው። ለፊንጢጣ ግንኙነት ኮንዶም ያለ ማለስለሻ ግማሽ ሥራ ነው። ኮንዶሙ ላይ ፋብሪካው የቀባው ትንሽ ቅባት አይበቃም፤ በደቂቃዎች ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ላቴክሱ እየተፋተገ ይሄዳል። ወይ ይቀደዳል፣ ወይ ይወልቃል፣ ወይ የሚቀበለውን ሰው ያቆስላል።

ይህ ግምት አይደለም። በአሜሪካ ለፊንጢጣ ግንኙነት ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮንዶም የተፈቀደው በፈረንጆቹ 2022 ነው። ለፈቃዱ መነሻ በሆነው ጥናት ከወንድ ጋር የሚተኙ 252 ወንዶችና ከሴት ጋር የሚተኙ 252 ወንዶች ተካተዋል። በፊንጢጣ ግንኙነት ጊዜ የመቀደድና የመውለቅ ችግር ከ1 በመቶ በታች ነበር፣ 0.68 በመቶ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን ፈቃዱን ሲሰጥ ከማለስለሻ ጋር ይሁን ብሎ ነው። ኮንዶም ለኛ አይሠራም የሚል ሰው ሲያጋጥምህ ይህን ንገረው። ይሠራል። ድርቀት ነው የሚያበላሸው።

ችግሩ ሰው ማለስለሻ ሲያጣ እጁ የገባውን ይቀባል። ቫዝሊን፣ ሎሽን፣ የፀጉር ቅባት፣ ቤቢ ኦይል፣ የምግብ ዘይት። ለጋ ቅቤ የተጠቀመ ሰውም አውቃለሁ፤ ሽታው ለሦስት ቀን እንዳልለቀቀው ሲነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቀልዱ ይቅርና እነዚህ ሁሉ ዘይት ናቸው። ዘይትና ላቴክስ አይስማሙም። በላብራቶሪ በተደረገ ሙከራ፣ ቤቢ ኦይልና ሎሽን ውስጥ የሚገኘው ማዕድን ዘይት የነካው ላቴክስ በ60 ሰከንድ ውስጥ ከጥንካሬው 90 በመቶ ያህሉን አጥቷል። አንድ ደቂቃ! ኮንዶሙ ደህና መስሎ ይታይሃል፣ ውስጡ ግን አልቋል። «ቫዝሊን ተቀብቼ ኮንዶም አደረግኩ» የሚል ሰው ተጠነቀቅኩ ብሎ ነው የሚተኛው። የሚያሳዝነውም እሱ ነው።

ምራቅስ? ላቴክስ አይጎዳም፤ ግን ወዲያው ይደርቃል። ጨብጥ ጉሮሮ ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊኖር ስለሚችል በምራቅም ይተላለፋል ተብሎ ይታሰባል። ሳሙናና ሻምፑ ደግሞ ውስጡን ይልጣል። አይሆንም።

የሚፈለገው በውኃ የተሠራ ወይም በሲሊኮን የተሠራ ማለስለሻ ነው። በመሀል ከተማ ያሉ ትልልቅ መድኃኒት ቤቶች በውኃ የተሠራውን ጄል ይይዛሉ። መግዛቱ ያስፈራል፣ አውቃለሁ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስገዛ መጀመሪያ የራስ ምታት ኪኒን ገዝቼ ወጣሁ፣ ዞሬ ተመለስኩ፣ የጉሮሮ ከረሜላ ገዝቼ ወጣሁ። በሦስተኛው ነው የደፈርኩት።

«እኅቴ፣ የማለስለሻ ጄል አላችሁ? በውኃ የተሠራውን።»

«የትኛውን? ትልቁን ነው ትንሹን?»

ይኸው ነው። ጥያቄው ስለ መጠኑ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ይህን ጄል የሚገዛው ብዙ ነው። ከወሊድ በኋላ ወይም ከወር አበባ ማቆም በኋላ ድርቀት ያለባቸው ሴቶች ይገዙታል። ባሎቻቸውም መጥተው ይወስዱላቸዋል። ፋርማሲስቷ የምትገምተው ያንን ነው። ብትጠይቅህ «ለድርቀት ነው» በላት፤ አልዋሸህም።

ማሸጊያውን አንብብ። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያለበትን አትውሰድ። ሕመም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ካደነዘዝከው መቁሰልህን አታውቅም። የሚያሞቅ የሚባለውንም ተወው። ኖኖክሲኖል 9 የሚባል የወንድ ዘር ገዳይ ኬሚካል ያለበትን ጄልም ሆነ ኮንዶም ደግሞ ጨርሶ ራቅ። ለእርግዝና መከላከያ የተሠራ ነው። ፊንጢጣ ውስጥ ሲገባ ሽፋኑን ይልጥና ለኤችአይቪ በር ይከፍታል።

ዝግጅት

ስለ መታጠብ ሁሌ እጠየቃለሁ። ከውጪ በውኃ መታጠብ በቂ ነው። ሰገራ ከወጣህ በኋላ ትንሽ ጊዜ ከቆየህ ውስጡ ባብዛኛው ንጹሕ ነው። ውስጡን ካልታጠብኩ አይሆንም የምትል ከሆነ ጥቂት ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ብቻ፣ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት። ሳሙና የለም፣ ዴቶል የለም፣ የሻወር ቱቦ በግፊት የለም። ደጋግሞ መታጠብ መከላከያ ሽፋኑን ያጥባል።

ጫት ቅመህ ከጨብሲ በኋላ ከሆነስ? ያኔ ስለ ኮንዶም ውሳኔ የምታደርግበት ጭንቅላት የለህም። ስለዚህ ውሳኔው ከመጠጡ በፊት ይሁን። ለሰውየውም ቀድመህ ንገረው፣ በቴክስትም ቢሆን። «እኔ ያለ ኮንዶም አልሆንም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ልብስ ለብሰህ ስትናገረው ይቀላል።

በኢንተርኔት የተዋወቅከውን ሰው መጀመሪያ ካፌ ውስጥ አግኘው። ቪዲዮ ቀርጸው ብር የሚጠይቁ እንዳሉ ታውቃለህ። ያልተረጋጋ ሰው ጋ ክፍል ውስጥ ገብተህ ኮንዶም በደንብ አታለብስም።

አለባበሱ

ቀላል ነው ብለህ አትለፈው። የምናውቀው የሚመስለንን ነው የምንሳሳተው።

1. ብርሃን ይኑር። መብራት ከጠፋ የስልክህን አብራ። ቀኑን አንብብ። ማሸጊያውን በሁለት ጣት ጫን በለው፤ ውስጡ አየር እንዳለ ትንሽ ይገፋሃል። አየር ከሌለው ተበስቷል፣ ጣለው።

2. ኮንዶሙን በጣትህ ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርግና ማሸጊያውን ከተጠረበው ጠርዝ ቅደድ። ጥርስ አይሆንም። መቀስም አይሆንም።

3. ብልቱ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላና ምንም ነገር ከመነካካቱ በፊት ይልበስ። «መጨረሻ ላይ አደርጋለሁ» የሚባለው ነገር የለም።

4. የሚተረተርበትን አቅጣጫ ለይ። ጥቅሉ ከውጪ መሆን አለበት፣ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ። ተገልብጦ ብልቱን ከነካ መልሰህ አትገልብጠው። ሌላ ክፈት።

5. ጫፉ ውስጥ ከውስጥ በኩል አንድ ጠብታ ጄል ማድረግ ትችላለህ። ከአንድ ጠብታ አይለፍ፤ ከበዛ ይንሸራተትና ይወልቃል። ከዚያ ጫፉን ቆንጥጠህ አየሩን አስወጣ፣ እንደያዝከው እስከ ሥሩ ድረስ ዘርጋ።

6. አሁን ከውጪ በኩል ጄሉን ሳትቆጥብ ቀባው። በሚቀበለው ሰው በኩልም እንደዚያው። እዚህ ላይ ቁጠባ ሞኝነት ነው።

7. ቀስ ብለህ ጀምር። የሚቀበለው ሰው ፍጥነቱን ይወስን። ካመመው ቁም። መቆም ውርደት አይደለም። በየመሃሉ በእጅህ እየነካህ ኮንዶሙ ሥሩ ላይ መኖሩን አረጋግጥ። ሲደርቅ ጄል ጨምር። ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆያችሁ ኮንዶሙን ቀይሩ።

8. ከጨረስክ በኋላ ብልትህ ሳይላላ፣ የኮንዶሙን ሥር በእጅህ ይዘህ ውጣ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። ተኝተው ማውራት ይጀምራሉ፣ ኮንዶሙ ይላላል፣ ውስጥ ይቀራል።

9. ቋጥረው፣ በሶፍት ጠቅልለው። ሽንት ቤት ውስጥ አትጣል፤ ቱቦ ይዘጋል፣ ከዚያ የእንግዳ ማረፊያው ሰው ሊጠራብህ ነው። ትንሽ ፌስታል ይዘህ ሂድና መንገድ ላይ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለው።

ሁለት ኮንዶም ደርቦ ማድረግ ጥበቃን አያጠናክርም። እርስ በርስ ይፋተጉና ሊቀደዱ ይችላሉ። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ስትዞር ወይም ቦታ ስትቀያየሩም አዲስ ኮንዶም ነው።

ከጠበበህ አትታገል። መደበኛ ኮንዶም ጠፍጣፋ ሆኖ ሲለካ ስፋቱ ወደ 52 ወይም 53 ሚሊ ሜትር ነው። ሰፋ ያለም ጠበብ ያለም ይሠራል፤ ከውጪ የሚመጣውን የሚሸጡ መድኃኒት ቤቶች ጋ ጠይቅ። ደም ሥርህን የሚያንቅም፣ እንደ ካልሲ የሚንሸራተትም አይጠቅምህም።

በአፍ የሚደረገው ለኤችአይቪ ያለው አደጋ በጣም ዝቅተኛ ነው። ቂጥኝና ጨብጥ ግን በደንብ ይተላለፋሉ። አፍህ ውስጥ ቁስል ካለ ተወው። ልትሄድ ስትል ጥርስህን አጥብቀህ አትፋቅ፤ ድድ ይደማል። ማስቲካ ይበቃል።

ሲቀደድ

ይቀደዳል። እጅህ ላይም ቢሆን አንድ ቀን ይቀደዳል። ያኔ መጀመሪያ ተረጋጋ። ውስጡን በውኃ አትጠብ፤ የሚያጸዳው መስሎህ የበለጠ ትቆስላለህ። ከውጪ ታጠብ፣ ሽንትህን ሽና። ከዚያ ሰዓቱን መዝግብ።

ፔፕ የሚባል መድኃኒት አለ። ከተጋለጥክ በኋላ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ የፀረ ኤችአይቪ ኪኒን ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሦስት ቀን ማለት ነው። ግን ሦስተኛው ቀን ድረስ አትጠብቅ። በየሰዓቱ አቅሙ ይቀንሳል። ቅዳሜ ማታ ከሆነ ሰኞን አትጠብቅ፣ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ምን ልበል ትላለህ። እንዲህ በል፦ «ዶክተር፣ ኮንዶም ተቀድዶብኝ ነው። ሰውየው ኤችአይቪ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። ከተፈጠረ ይህን ያህል ሰዓት ሆኖታል። ፔፕ መጀመር እፈልጋለሁ።» «ሰውየው» ማለት ካልቻልክ «አብሮኝ የነበረ ሰው» በል። እውነት ነው። ፔፕ እዚህ አገር በብዛት የሚታወቀው መርፌ ለወጋው የጤና ባለሙያና ለተደፈረ ሰው ስለሆነ ጥያቄ ሊበዛብህ ይችላል። አትናደድ፣ ጥለህም አትውጣ። አንዱ ጋ እምቢ ካሉህ ሌላው ጋ ሂድ፤ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። ስትጀምር ደግሞ 28ቱንም ቀን ጨርስ። «ደህና ነኝ» ብሎ በአሥረኛው ቀን ያቆመ ሰው አውቃለሁ።

የጤና ባለሙያ ፊት

እኔ አንዴ አንድ ክሊኒክ ገብቼ ቁስሉ የት እንዳለ ስናገር ነርሷ ወጥታ ሌላ ነርስ ጠርታ መጣች። ከዚያ ሦስተኛ። ሊያክሙኝ ሳይሆን ሊያዩኝ ነበር። ልብሴን ለብሼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሐኪም ፊት አልቀረብኩም። ስምንቱ ወር የጎዳኝ ግን እነሱን አይደለም፣ እኔን ነው። ሌላ ቦታ ስሄድ አንድ አዛውንት ዶክተር አንድም ጥያቄ ሳያበዙ አዩኝ፣ መድኃኒት ጻፉልኝ፣ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ፣ ልጄ» አሉኝ። እንዲህ ያሉም አሉ። የትኛው ቤት እንደሆነ ሆን ብዬ አልጽፍም፤ ለእሳቸውም ለአንተም ስል። ከጓደኛህ አፍ ለአፍ ጠይቅ።

ማንነትህን መናገር ግዴታህ አይደለም። የት እንዳመመህ ግን መናገር አለብህ። ይህን ልዩነት ያዝ። ፊንጢጣ ውስጥ ያለ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ በሽንት ምርመራ አይገኝም። ብዙ ጊዜም ምልክት የለውም። ስታምጥ ሕመም፣ ደም፣ ንፍጥ የመሰለ ፈሳሽ ካለ «ፊንጢጣዬ ውስጥ ያመኛል፣ ፈሳሽም አለው» በል። ኪንታሮት ነው ብለህ ደግሞ ለራስህ አትወስን፣ ሐኪሙም ሳያይ አይወስን። ቂጥኝ መጀመሪያ የሚያወጣው ቁስል አያምም። ፊንጢጣ ውስጥ ከሆነ ደግሞ አታየውም። ራሱ ይድናል፣ በሽታው ግን ይቀጥላል። የሚገኘው በደም ምርመራ ነው። ቪዲአርኤል በል፣ ማንኛውም ላብራቶሪ ያውቀዋል፤ ለጋብቻም ለውጭ ጉዞም ስለሚያሠሩት ማንም አይገረምም። በጊዜ ከተገኘ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል።

ሲፕሮ ወይም አሞክሲሲሊን ራስህ ገዝተህ መዋጥ ግን እባክህ ተው። የዛሬው ጨብጥ ሲፕሮን ከለመደ ቆይቷል። ምልክቱ ይጠፋል፣ በሽታው ይቀመጣል።

በየሦስት ወሩ መመርመር ጥሩ ነው። ቢበዛ ስድስት። ጤና ጣቢያ መሄድ ከከበደህ በአፍ ፈሳሽ የሚሠራ የኤችአይቪ ራስ መመርመሪያ አለ፤ ድድህን ጠርገህ፣ ፈሳሹ ውስጥ አቁመህ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ታነባለህ። ከ40 ደቂቃ በኋላ የሚታየውን አትመን። ሁለት መስመር ካየህ የመጨረሻ ውጤት አይደለም፤ ጤና ተቋም ሄደህ ታረጋግጣለህ። አንድ መስመር ከሆነም፣ የመጨረሻው ግንኙነትህ ሦስት ወር ካልሞላው ድገመው።

ቫይረሱ ከተገኘብህ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም ነጻ ነው፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያልሰማውን ልንገርህ። በትክክል የሚወስድና በደሙ ውስጥ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም። በአውሮፓ 782 የወንድ ጥንዶች ተከታትለው ነበር፤ አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት። ያለ ኮንዶም ወደ 76,000 ጊዜ ግንኙነት አድርገዋል። ከፍቅረኛው የተያዘ አንድም አልተገኘም። ውጤቱ የታተመው በፈረንጆቹ 2019 ነው። ስለዚህ ቫይረሱ እንዳለበት የነገረህንና መድኃኒቱን የሚወስደውን ሰው አትሽሽ። «እኔ ንጹሕ ነኝ» ብሎ ተመርምሮ ከማያውቀው ይልቅ እሱ ይሻልሃል።

ፕሬፕ ደግሞ ኤችአይቪ እንዳይይዝህ ከመጋለጥህ በፊት ቀድሞ የሚወሰደው ነው። በየቀኑ አንድ ኪኒን። በፊንጢጣ ግንኙነት ለሚቀበለው ሰው ከ7 ቀን ያህል በኋላ ከፍተኛ ጥበቃ ይሰጣል። አገራችን ውስጥ አገልግሎቱ የተጀመረው ለሴተኛ አዳሪዎችና አንዳቸው ቫይረሱ ላለባቸው ጥንዶች ነበር። እኛ በስም አልተጠራንም። ቢሆንም ጠይቅ። ከመጀመርህ በፊት የኤችአይቪ፣ የኩላሊትና የሄፓታይተስ ቢ (የጉበት ቫይረስ) ምርመራ ያስፈልጋል። ፕሬፕ ቂጥኝን አይከላከልም፣ ጄሉም ኮንዶሙም አይቀርም።

ሚስት ካለህ

ብዙዎቻችን ባለትዳር ነን። ወይም ቤተሰብ እየገፋን ወደዚያ እየሄድን ነው። አልፈርድብህም። ግን ለጋብቻ ብለህ ያስመረመርከው ወረቀት የዚያን ቀን ብቻ ነው የሚናገረው። ውጪ ከሌላ ሰው ጋር ከሆንክ፣ በተለይ ከተቀደደ በኋላ፣ ውጤትህን እስክታውቅ ቤት ውስጥም ኮንዶም ተጠቀም። «ለወሊድ መከላከያ» ማለት ትችላለህ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ይህን ሰበብ አታገኝም፤ ያኔ ጭራሽ ምርመራህን አታዘግይ። እሷ በክትትል ወቅት ትመረመራለች፣ አንተም አብረህ ተመርመር። ቂጥኝ ለጽንሱም ያልፋል።

ክትባት

ሄፓታይተስ ቢ በግንኙነት ከኤችአይቪ ይልቅ በቀላሉ ይተላለፋል። ክትባት አለው። በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በፈረንጆቹ 2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድን በልጅነታችን አላገኘነውም። መጀመሪያ ደምህን አስመርምር። ካልያዘህ ሦስት መርፌ ትወጋለህ፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ሁሉም ሰው ሦስተኛውን ይረሳል። እኔ ስልኬ ላይ «የጥርስ ቀጠሮ» ብዬ ነው የያዝኩት። ቤት ውስጥ ስልኬን ያየ ሰው ሁሉ ጥርሴን ሲያዝንልኝ ከርሟል።